የዘሚራ ቆጠራ

ብሩክታይት ዘሚራን የጠላቻት ገና ስሟን ከየኔሰው አፍ እንደሰማች ነው።

የኔሰው ከሁለት ዓመት በፊት ቢቸና ውስጥ ቆርቆሮ ሲመታ ከጣሪያ ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ። ወደ ብሩክታይት አባት ሽማግሌ ሊልክ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አሁን በየማክሰኞው ሞጣ ክሊኒክ ይመላለሳል። ተሽከርካሪ ወንበሩን ሚኒባስ ላይ የምታስጭነውም፣ የምትገፋውም እሷው ናት። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላታል።

«አንቺ ውጭ ጠብቂኝ።»

ውስጥ ያለችው ፊዚዮቴራፒስቷ ዘሚራ ናት፤ የሞጣ ነጋዴ ልጅ፣ ያውም ቆንጆ። ቢቸና ቤቱ ብሩክታይት «እስቲ ትንሽ ሞክር» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው ሰው እዚህ ይስቃል። ብሩክታይት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ዘሚራ ስትቆጥር ትሰማለች።

«አራት… አምስት… ጎበዝ!»

ጎበዝ! እሷ ስንቴ ብላው ነበር?

አንድ ማክሰኞ ሳቁ ሲበዛባት ቅናቷን መቻል አቃታት። በሩን ገፍታ ገባች።

የኔሰው በሁለቱ የብረት መደገፊያዎች መካከል በደረቱ ወድቋል፤ ሱሪው ረጥቧል። ዘሚራ ቀበቶውን ይዛ ልታነሳው ትታገላለች።

«ውጪ!» ብሎ ጮኸ።

«አልወጣም! ለእሷ እየሳቅህ በእኔ ላይ ትጮኻለህ?»

«እሷ ፊት ብወድቅ ምን ገደደኝ? አንቺ ፊት ነው የማልችለው!» እንባው መጣ። «ሽማግሌውንም ያቆየሁት ለዚሁ ነው። አባትሽ ሲገቡ ተቀምጬ ኖር ልበላቸው?»

ብሩክታይት ስትቀና የከረመችው እሷ ፊት ለመውደቅ በሚያፍር ሰው ላይ ነበር።

«እህቴ፣» አለች ዘሚራ እያለከለከች፣ «በሳምንት አንድ ቀን ሠርቶ የቆመ የለም። ቤትም በየቀኑ መሥራት አለበት። ነይ፣ ቀበቶውን ያዥ።»

ያዘች።

ከዚያ ወዲህ ቢቸና ጓሮው ውስጥ ሁለት የባሕር ዛፍ መደገፊያ ተሠራለት። በየቀኑ እሷው ፊት ወደቀ። ተሰዳደቡ፣ ታረቁ። ተስፋ ቆርጦ የተኛ ቀን «ዘሚራን ልጥራልህ?» ትለዋለች፤ በንዴት ይነሳል።

ሰኔ ላይ አባቷ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ሊጠይቁት መጡ። የኔሰው መደገፊያውን ጨብጦ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ።

«ኖር!»

«በእግዜር! ተው ልጄ፣ ተቀመጥ፤ በሞቴ!»

አልተቀመጠም። ብሩክታይት ከኋላው ቀበቶውን ይዛ የቆመበትን ሰከንድ በሹክሹክታ ትቆጥራለች።

«ዘሚራ ጋ ስንት ደርሰሃል?»

«ሰባት።»

«ስድስት… ሰባት…» ቀበቶውን አጠበቀች። «ስምንት። አሁን ተቀመጥ፤ እሁድ ሽማግሌ ላክ። ለዘሚራ ማክሰኞ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»