አበባውን ለምን ታስዋሺዋለሽ?

ኪኑዌን ያንገበገባት ኢሳሙ ጥሏት መሄዱ አልነበረም። ውሸታም አድርጓት መሄዱ ነው። ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ፣ ዓሣ ፀሐይ ላይ ስትዘረጋ ድንገት ትዝ ይላትና «እኔ? እኔ ውሸታም?» ትላለች ለብቻዋ።

ኢሳሙ ከተራራው መንደር እንጉዳይ ጭኖ ወደ ባሕሩ ዳር የሚወርድ ልጅ ነበር። የዓሣ ማድረቂያው ሴቶች ገና መኪናውን ሲያዩ «ኪኑዌ፣ እንጉዳይሽ መጣልሽ!» እያሉ ይስቁባታል። እሷ አትስቅም፤ ጆሮዋ ግን ይቀላል።

አንድ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣ በሸክላ የተተከለች አጂሳይ የሚሉት የአበባ ቁጥቋጦ ችግኝ ይዞላት መጣ።

«ከደጃችን አጂሳይ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጬ አጸደቅሁ። አንዱን እዚያው ተከልሁት፤ ይሄ ያንቺ ነው። ያበበ ዕለት እናትሽን ላነጋግር እመጣለሁ።»

«አበባው ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«እሱን አፈራችሁ ያውቃል፤ አጂሳይ ቀለሙን ከአፈሩ ነው የሚያገኘው» አለና ዓይኗን አየ። እሷም አየችው።

እናቷ ሃትሱ ባሏን ባሕር ወስዶባት ከግቢዋ ጋር የቀረች ሴት ነበረች። በሩ ላይ እንደ ኳስ የተድቦለቦለው ሰማያዊ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ጠፍጣፋው፣ አጥሩ ሥር ረጅሙ ነጭ፣ ሁሉም አጂሳይ ነው። መቀስ የምትይዘው እሷ ብቻ ናት።

«ቀለሙን የሚለዋውጥ አበባ ይዞ የሚመጣ ወንድ ልቡም እንደዚያው ነው» አለች። ግን ወስዳ ጓሮ ተከለችው። ብርድ በመጣ ቁጥርም በገለባ ትጠቀልለዋለች። ኪኑዌ ለዚህ ታመሰግናት ነበር።

ሰኔ መጥቶ ግቢው ሁሉ ሲያብብ የኢሳሙ አጂሳይ ቅጠል ብቻ ሆነ። ኢሳሙ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግጋል።

«አበበ?»

«ገና ነው።»

በሦስተኛው ሰኔ ፊቱ ጠቆረ። «የኔው ካበበ ቆየ እኮ! ከአንድ እናት የተቆረጡ ናቸው። እምቢ ማለት ስትችዪ አበባውን ለምን ታስዋሺዋለሽ?»

ጓሮ ገብተህ እየው ብትለው ያልቅ ነበር። እሷ ግን እልኸኛ ናት። «ውሸታም ከሆንሁ ምን ትጠብቃለህ? ሂድ!» ብላ በሩን ዘጋችበት። በዓመቱ ሌላ አገባ። እሷ ሳታገባ ከእናቷ ጋር አረጀች።

የፈረንጆቹ ዓመት ሲያልቅ የዓሣ ሥራ ስለሚበዛ ኪኑዌ ቀን ቤት አትውልም። ባለፈው ብርድ ግን ዝናብ ሥራውን አስተጓጎለና በጊዜ ገባች። እናቷ ጎብጣ ጓሮ ተቀምጣለች፤ መቀሱ እጇ ላይ ነው። አጂሳይ የሰኔውን አበባ ከብርዱ በፊት ጫፉ ላይ ይቋጥራል፤ በብርዱ ቢቆርጡትም የሚያብበው ያ ረጅሙ ነጭ ብቻ ነው። ይህን የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የሌሎቹ ጫፍ አልተነካም። የኢሳሙ ግን ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ፣ ያልተነካች አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ቀርታዋለች። ገለባው አጠገቡ ተዘጋጅቷል።

«እማ! በየዓመቱ?»

አሮጊቷ ቀና አላለችም። «አባትሽን ባሕር ወሰደብኝ። አንቺን ደግሞ ተራራ ይውሰድሽ?»

«ካገባ በኋላስ ለምን?»

«ካበበ ታውቂብኛለሽ ብዬ።»

ኪኑዌ አልጮኸችም። መቀሱን ከእጇ ወሰደች። ደግፋ አስገባቻት፤ ማታ ሾርባዋን እፍ እያለች አጠጣቻት።

በሰኔ ያቺ የተረፈች ቅርንጫፍ አበበች። ኪኑዌ ከነግንዷ ከሥር ቆረጠቻት፤ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ ተራራ የሚወጣውን አውቶቡስ ተሳፈረች።

ኢሳሙ ደጁ ላይ እንጉዳይ ይለቅማል። አርጅቷል። ከኋላው ያኔ የተከለው አጂሳይ ሰማያዊ ሆኖ ግድግዳውን ሸፍኖታል።

«አበበ» አለችው፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

ኢሳሙ ተቀብሎ ጋዜጣውን ፈታ። ዓይኑ ከአበባው ወርዶ ግንዱ ላይ ቀረ። የመቀስ ጠባሳ ነው፤ በጠባሳ ላይ ጠባሳ። በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ዳሰሰው። ማን እንደቆረጠው አልጠየቃትም።

«ያንቺ ሮዝ ነው እንዴ?» አለ።

«አፈራችን ነው።»

ከውስጥ ሚስቱ «ማን መጣ?» ብላ ተጣራች። ኢሳሙ አበባውን እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ።

«ሳይጠወልግ ውኃ ውስጥ አድርገው» አለችውና ወደ አውቶቡሱ ወረደች። ቤት ያለችው እናቷ ገና ምሳዋን አልበላችም ነበር።