ለቀብር የጠፋ ሞተር

ባዳቾ ያን ቀን ከሁምቦ ቆላ ሲነሳ ለራሱ ምሎ ነበር፤ ሶዶ ሆስፒታል በር ላይ ሳይደርስ ሞተር አያጠፋም። አሮጌዋ ላንድክሩዘር ጠዋት የተነሳችው በስንት ልመና ነው። ከኋላ ደግሞ ኤርካሎ ተኝቷል። በቆሎ ሲኮተኩት እባብ ቁርጭምጭሚቱን ነድፎታል፤ መድኃኒቱ የሚገኘው ሶዶ ነው። አጠገቡ ሚስቱ አያልነሽና የጤና መኮንኑ ናኦል ተቀምጠዋል። ናኦል እብጠቱ የደረሰበትን እያየ የኤርካሎ እግር ላይ በእስክሪብቶ ያሰምራል፤ ከመስመሩ ጎን ሰዓቱን ይጽፋል። የመጨረሻው መስመር ከጉልበቱ በታች አራት ጣት ሲቀረው ነበር።

መኪናዋ አቧራ እያጨሰች ቁልቁለቱን ወረደች፤ ድንጋዩን ዘላ፣ ግራሩን ታክካ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ገባች። አሸዋው መሃል ስትደርስ ከወዲያኛው ዳር፣ ከሶዶ በኩል፣ ሬሳ የተሸከሙ ለቀስተኞች መጡ።

ሬሳ እያለፈ ሞተር አይንጫጫም። ባዳቾ ሃያ ሦስት ዓመት ሲነዳ ይህን ደንብ አንድም ቀን አልጣሰም። ሳያስበው እጁ ቁልፉን መለሰ፤ ኮፍያውን አወለቀ። ለቀስተኞቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ በአጠገቡ አልፈው ከኋላው ያለውን ዳር ወጡ። ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው።

ቁልፉን አዞረ። «ጣ!» አለች። ደገመ። «ጣ!»

«ጋሽ ባዳቾ፣ ምን ሆነች?» አለ ናኦል።

«ምንም አልሆነች። እኔ አውቃታለሁ።»

የሚያውቃት ሰው እንዲያ አያልበውም። መፍቻውን ይዞ ከሥሯ ገባና ሞተር አስነሺውን ሞተሪኖ ኳ ኳ አደረገው። ወጥቶ አዞረ። «ጣ!» የባትሪውን ጫፎች ነቀነቀ፤ ጥብቅ ናቸው። አሁንም «ጣ!» ብቻ።

«ያ ምንድን ነው?» አለች አያልነሽ።

ዳሞታ ተራራ ራስ ላይ ሰማዩ ከሰል መስሏል። እነሱ ያሉበት ጠብታ የለም፤ ላይ የዘነበው ሁሉ ግን መውረጃው ይህ ወንዝ ነው። ጆሮ ሲሰጡ ከሩቅ የሚያጉረመርም ነገር ሰሙ።

«አውርደነው እንሩጥ!» አለ ናኦል።

«ለሦስት? በዚህ አሸዋ? እግሩ እንዳይነቃነቅ ያልከው አንተ አይደለህም?» አለ ባዳቾ።

«ጦሳው! ጦሳው!» አያልነሽ አምላኳን ተጣራች።

ባዳቾ መኪናው ተገፋች መባልን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው ነው። አሁን ግን ወደ ለቀስተኞቹ ዞሮ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። «ኡ ኡ! የሰው ያለህ! በሽተኛ ይዘናል!»

ለቀስተኞቹ ቆሙ። ሬሳው ትከሻቸው ላይ ነው። ሁሉም የሟችን ሚስት አዩ፤ ትርፌ ትባላለች። እሷ ወንዙን አየች፣ ሰማዩን አየች።

«አስቀምጡት» አለች። «የኔ ሰው ይጠብቃል። የነሱ አይጠብቅም። ገመዱን ይዛችሁ ውረዱ!»

ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ሳጥኑን ወደ ጉድጓድ ለማውረድ ያመጡትን ገመድ ይዘው እየሮጡ ወረዱ። ከፊት አስረው ጎተቱ፣ ከኋላ ገፉ። ናኦል የኤርካሎን እግር በሁለት እጁ ደግፎ ይዟል። ውሃው መጀመሪያ የጫማ ሶል አረጠበ፣ ወዲያው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። «ሆ በል!» አሉ፤ መኪናዋ ተንገዳግዳ በሶዶ በኩል ዳሩን ወጣች። ከኋላቸው ጎርፉ ግንድ እያንከባለለ አለፈ። ወንዶቹ ዞረው አዩ፤ ሬሳው፣ ትርፌና ሽማግሌዎቹ ከማዶ ቀርተዋል።

ከፊታቸው ዳገት ነው፤ ገፍቶ ማስነሳት አይሞከርም። ባዳቾ ቁልፉን አዞረ። «ጣ!»

ከኋላ የደከመ ድምፅ መጣ። «ሾፌር… ቁልፍ ስታዞር ይሄ መብራት ይሞታል።»

ኤርካሎ ነው። ጣቱ ጣሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ አምፖል ያሳያል። በጀርባው የተኛ እሱ ብቻ ስለሆነ ያያት እሱ ብቻ ነው።

ባዳቾ ክው አለ። ይህ የሞተሪኖ በሽታ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ከባትሪው ወጥቶ የመኪናዋ ብረት፣ ሻንሲው ላይ የሚታሰረውን ጥቁር ገመድ በጣቱ ተከተለ። ጫፉ ጭቃ ለብሶ፣ ላልቶ ይወዛወዛል። ባለፈው ቅዳሜ ራሱ ነበር ያሰረው። ልኩን ብሎን ሲያጣ ቀጭኑን ከትቶ «ይይዛል» ብሎ ዘግቶታል፤ ለማንም አልተናገረም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ፊቱ በሃፍረት ጋለ።

«በኋላ ትወቀሳለህ፤ አሁን ብሎን!» አለ ናኦል። ተጠባባቂው ጎማ ከታሰረበት አንዱን ወፍራም ብሎን ፈትቶ ሰጠው። ባዳቾ ዝገቱን በቢላ ፋቀ፤ ገመዱን አጥብቆ አሰረ።

«መብራቷን የሚያይልኝ ሰው!»

«እኔ አለሁ» አለ ኤርካሎ።

ቁልፉን አዞረ።

ኤርካሎ «አልሞተም!» ሲል ሞተሩ አገሳ።

ሶዶ ሲደርሱ የእስክሪብቶው መስመር ከጉልበት በላይ አንድ ስንዝር አልፎ ነበር። ባዳቾ ሐኪሙ ወጥቶ «ይተርፋል» እስኪል ድረስ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

በሦስተኛው ቀን ትርፌ ቤት ለቅሶ ሄደ። ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ።

«ሰውየውስ?» አለችው።

«ደህና ነው። እግሩም ተርፏል።»

«ተመስገን። እኛስ ውሃው ሳይጎድል መሸብን፤ ወንዙ ዳር አብረነው አደርን። በማግስቱ ቀበርነው።» ነጠላዋን ሳበች። «እንዳልኩት ጠበቀኝ።»

ባዳቾ አጠገቧ ተቀምጦ አምርሮ አለቀሰ።

ሊሄድ ሲወጣ እነዚያ ገመድ የጎተቱ ወንዶች ሳይጠሩ ሊገፉ ከመኪናዋ ኋላ ቆመው አገኛቸው። ተሠርታለች፣ አያስፈልግም ሊል አፉን ከፈተ። ተወው። ሞተሩን በቁልፍ ሳያስነሳ ማርሹን አስገባና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«እስቲ ግፉልኝ» አለ።