ከመሃሉ ወንበር በስተግራ

ፈጥሬ የማወራችሁ እንዳይመስላችሁ... በታላቅ እህቴ ላይ የደረሰ ነው።

ጨለማም አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

የምሠራው ፎቶ ቤት ነው፤ ያረጁ ፎቶዎችን አድሳለሁ። እህቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ በቅርቡ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆና ተሹማ፣ ቤታችን ደስታ በደስታ ነበር። ያን ቀን የመሥሪያ ቤቷን የድሮ የሠራተኛ ፎቶዎች አምጥታ እንዳሳምርላት ነገረችኝ። አሥር ሰዓት ላይ አዲሱን ስለሚነሡ ተጣድፋ ወጣች።

እንዲህ ያለ ፎቶ ማንበብ ያስተማሩኝ አለቃዬ፣ ጋሼ ናቸው። ወንበር ላይ ያሉት ኃላፊዎች፣ ከኋላ የቆሙት የማሽን ሠራተኞች፣ ጠርዝ ላይ ትከሻቸው የተቆረጠው ጥበቃና ጽዳት። መሃል የተቀመጠው... ትልቁ ሰው።

የመጀመሪያውን አየሁት።

መሃሉ ባዶ ነው።

ትልቅ ባለመደገፊያ ወንበር አለ፤ ሰው የለበትም። ሥራ አስኪያጁ በስተቀኝ፣ ተራ ወንበር ጫፍ ላይ፣ እንደተቆጡት ልጅ ኩምትር ብሏል።

የሚቀጥለውም ባዶ... የሚቀጥለውም።

ትልቁ ሰው የቀረ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የኋለኞቹን ልብ አልኩ። ከወንበሩ ጀርባ የቆሙት ሁሉ አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለዋል።

ግዙፍ ሰው እንደከለላቸው...

ለጋሼ ነገርኳቸው። ለካ ፎቶዎቹን ያነሡት እሳቸው ናቸው።

"ቆይ ይሉኝ ነበር" አሉ በሹክሹክታ። "እስኪቀመጥ።"

"ማን?"

"አልጠየቅኩም።"

ከባዶው ወንበር በስተግራ ያለውን ሰው በጣታቸው ነኩ። በየፎቶው ሌላ ሰው ነው።

"የሒሳብ ኃላፊው ቦታ ነው" አሉኝ። "እዚህ የተቀመጠ... ያንን ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል።"

ለእህቴ ስልክ ደወልኩ። አታነሣም። ሮጥኩ።

የማተሚያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰልፈዋል። እህቴ ከባዶው ወንበር በስተግራ ቁጭ ብላለች። ጎንበስ ብዬ ለመንኳት።

"እታለም፣ ተነሺ።"

"ማሙሽ፣ እንዳታሳፍረኝ" አለች፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ።

ጥበቃው ክንዴን ይዞ ከሰልፉ አወጣኝ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደግኖ ይጠብቃል። ማንም አይተነፍስም...

ከኋላ የቆሙት በአንድ ጊዜ አንገታቸውን አዘነበሉ።

ካሜራው ቀጭ አለ።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን እንድትለቅ ስንት ጊዜ ወተወትኳት። ብለቅም አይለቀኝም አለችኝ። ነገሩን ሁለተኛ አላነሣችውም። ሳቋ ጠፋ። እናታችን መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ በኋላ እሷም ዝም አለች።

ትናንት ለምሳ ቤት ገባሁ።

እህቴ ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እናቴ ከሶፋው ኋላ ቆማለች... አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ።

"ና" አለች እህቴ ቀስ ብላ። "አንተን ነው የሚጠብቀው።"

የሶፋው መሃል ባዶ ነው፤ ከሱ በስተቀኝ ለኔ ቦታ ትተዋል።

ፊት ለፊታቸው ካሜራ የለም። ነጭ ግድግዳ ብቻ።

ሁለቱም ግድግዳውን እያዩ ፈገግ ብለዋል።