ሞተር ከኋላ መስመር

«ቁሚ! አትውጪ! ቁሚ አልኩሽ እኮ!»

በረኛዋ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች። ሞተር የሚሏት ተከላካይ ግን እግሯ ቀድሟታል። ኳሷን ልትነጥቅ እስከ ሜዳው አጋማሽ ከነፈች፤ ተጋጣሚዋ ግን ኳሷን በአንድ ንክኪ ለጓደኛዋ አቀበለች፤ ሞተር ጥላው በወጣችው ቦታ ሌላ አጥቂ ብቻዋን ገባች። ጎል!

ሞተር የሚል ስም ያወጡላት በግራ መስመር ስትመላለስ አይተው ነው። እዚያ ኳስ ብታመልጣት ሌላ ታሳድዳለች እንጂ ማንም አይቆጣትም። ዛሬ ግን የመሃል ተከላካይዋ ጉልበቷን አሟት ቀረችና አሰልጣኟ ሞተርን ከኋላ አቆሟት። ያውም ለአንድ ክለብ ወጣት ቡድን ተጫዋች የሚመርጡት ሴትዮ ጥግ ላይ ተቀምጠው በሚያዩበት ቀን! ይህ አናዷታል።

በዕረፍት ሰዓት አሰልጣኟ የውሃ ጠርሙሶችን እንደ ቡድኑ አሰላለፍ መሬት ላይ ደረደሩ። ከኋላ ካሉት አንዱን አነሱና፣ «አንቺ ስትወጪ እዚህ ምን ቀረ?» አሉ።

«ምንም።»

«መስመር ላይ ደጋግመሽ ሮጠሽ አንዴ ከተሳካልሽ ጀግና ነሽ። እዚህ አንዴ ከተሳሳትሽ ጎል ነው። ከእግርሽ በፊት ዓይንሽ ይሩጥ።»

«ቆሜ ማን ያየኛል ታዲያ?» አለች ሞተር፤ እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

የልጅነት ጎረቤቷ የሆነችው በረኛ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አንቺ ልጅ፣ እኔ አይሻለሁ። ከፊቴ ሌላ ማን አለኝ?»

ሁለተኛው አጋማሽ ስቃይ ነበር። ኳስ በግራ በኩል በሄደች ቁጥር እግሯን ይበላታል። ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ዞር ስትል አንዷ አጥቂ ከጀርባዋ ቀስ ብላ ስትሾልክ አየቻት። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ የተላከችው ኳስ እግሯ ስር መጥታ አረፈች። ያጨበጨበ ሰው የለም። እሷ ግን ገረማት፤ ዳግመኛም እንዲሁ አደረገች።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የግራ መስመር ተጫዋቿ የእግሯ ጡንቻ ተሸማቆ ወደቀች።

«ሞተር! ወደ መስመርሽ!» አሉ አሰልጣኟ። «ጎል እንፈልጋለን፤ ያንቺን ቦታ ተቀያሪዋ ትይዛለች!»

ልቧ ዘለለ። ሴትዮዋ አሁንም እዚያው ናቸው። መሮጥ ጀመረች፤ ከዚያ አንገቷን አዞረች። ተቀያሪዋ ከኋላ ተጫውታ አታውቅም፤ የጫማዋን ክር እንኳ ማሰር አቅቷታል። የተጋጣሚ አጥቂ ደግሞ ክፍት ቦታውን ካሁኑ እያየችው ነው።

ሞተር ቆመች። እግሯ አሁንም ይበላታል።

«ኮች፣ መስመሩን ለተቀያሪዋ ይስጧት» አለች። «እኔ እዚሁ ልሁን።»

መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ቀኝ ተከላካይዋን በእጇ ጠራቻት።

«ጠጋ በይ! ትንሽ ጠጋ!»