የኪሌሌሽዋው ገብርኤል

እናቷ ጭን ላይ ያለውን ጥላ ባየች ቁጥር ፋናዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። እናቷ ወይዘሮ አስናቀች ጥላውን በቀይ ጨርቅ ለብጣ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ሰፍታበታለች። በስደት በሚኖሩባት ኬንያ፣ ከኪሌሌሽዋ ሰፈር ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው አውቶቡስ እንደ ሁልጊዜው ጢም ብሎ ሞልቷል።

አስናቀች ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ አትወድም። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ ጣሪያውም ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመሳለም ተነስቶ መቆም አይቻልም። አውቶቡስ ግን ቢዘገይም ክብር አለው ትላለች። ለፋናዬ ግን አውቶቡስ ማለት ሀፍረት ነበር። የክፍሏ ልጆች በማታቱ እየዘፈኑ ሲያልፏት፣ እሷ እናቷ መንገድ ዳር ያለ አንድ ክብ ቤት ጋ ሲደርሱ ተነስታ ስታማትብ አንገቷን ትደፋለች።

ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ጉልላቱ ላይ መስቀል የሚመስል ብረት ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ዝግ ነው። አምና እናቷ «የማን ታቦት ነው?» ብላ ስትጠይቃት፣ ፋናዬ በጓሮ በኩል የተሰቀለውን ጽሑፍ አንብባው ነበር። መጠጥ ቤት ነው። የክፍሏ ልጆች ከማታቱ ሳያዩዋቸው ቶሎ ዝም ልታሰኛት ብላ ግን «ገብርኤል» አለቻት።

አስናቀችም ያንን ገብርኤል የሙጥኝ አለች። አዲስ አበባ የታሰረው ባሏ እንዲፈታ በየጠዋቱ ለመነችው፣ ጥላም ተሳለችለት። ትናንት ከሞያሌ የመጣ ነጋዴ አባቷ መፈታቱን ነገራቸው። ፋናዬ በደስታ አልቅሳ ሳትጨርስ እናቷ ጥላውን ከሳጥን አወጣች። ዛሬ እዚያው ወርዳ ስለቷን ልታስገባ ነው።

ፋናዬ ዝም ካለች፣ እናቷ የስለት ጥላ ይዛ የመጠጥ ቤት በር ልታንኳኳ ነው።

«እማዬ፣ እዚያ አትውረጂ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቤተ ክርስቲያን አይደለም። መጠጥ ቤት ነው። ዋሽቼሽ ነው።»

አስናቀች አልተቆጣችም፤ ብትቆጣት ይሻል ነበር። ጥላውን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳጎነብስ እያየሽ?»

«ሶሪ፣ እማዬ።»

አስናቀች ከነጠላዋ ያመለጠውን የጥላውን ዘርፍ መልሳ ሸፈነች። «የሰማኝስ ሰምቶኛል» አለች። «የት ሆኜ እንደለመንኩት አይጠፋውም። ጥላውን እሁድ እናስገባዋለን።» ድምፅዋ ግን ተሰብሮ ነበር።

አውቶቡሱ ወደ ክቡ ቤት ተቃረበ። በየጠዋቱ አጠገባቸው የምትቀመጠው ባለ ዘንቢል ኬንያዊት እንደ ልማዷ ጉልበቷን ሰብስባ ለአስናቀች መቆሚያ ለቀቀች። ከፊት የቆመው ሰውዬም ሳይጠይቁት ጠጋ አለ። አስናቀች አልተነሳችም።

«ማማ፣ ዛሬ አትጸልዪም?» አለች ሴትየዋ በስዋሂሊ። ፊቷ ላይ ፌዝ የለም፤ ቅር ያላት ትመስላለች።

ፋናዬ ዙሪያዋን አየች። ለካ ሰዉ ሁሉ ሲጠጋላቸው የኖረው አክብሮ ነው። በመስኮቱ ማዶ የትምህርት ቤቷን ልጆች የጫነ ማታቱ እየጮኸ ደረሰባቸው።

ፋናዬ ተነሳች። አማተበች፤ ከወገቧም ጎንበስ አለች። አውቶቡሱ ኩርባው ላይ ሲያዘነብል እናቷ እንዳትወድቅባት ቀሚሷን ከኋላ ያዘችላት።