ለሰቢሃ የተቀዳው ካሴት

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር።

እኔ ራሴ የዚህ ቻናል አንባቢ ነኝ። ግማሹን ታሪክ «ውሸታም» እያልኩ ነው የማነበው። ስለዚህ ባታምኑኝ አልቀየማችሁም።

ግን ሆኗል። ባለፈው ኅዳር፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአስር ላይ ጀመረ። ቦታው ለንደን፣ ሃክኒ ነው። ሌሊት አልነበረም። ሰው ውሻውን ይዞ የሚንሸራሸርበት፣ ዝናብ እንኳ የሌለበት ቀን ነበር።

ኢኽላስ እባላለሁ። ከእናቴ ከሰቢሃ ጋር በሌላው የለንደን ጫፍ፣ ዌምብሊ እንኖራለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሃክኒ ያለ አንድ የአካባቢ ታሪክ ቡድን ውስጥ በነፃ እሠራለሁ። ድሮ ስደተኞች ለቤተሰብ ይልኩት የነበረውን የካሴት ደብዳቤ እንሰበስባለን። ትዝ ይላችኋል? ሰው ድምፁን ቀድቶ በመንገደኛ ይልክ ነበር። ሰላምታው ብቻ የካሴቱን ግማሽ ይጨርሰዋል።

እኔን እዚያ የወሰደኝ ግን የታሪክ ፍቅር አይደለም። አጎቴን ፍለጋ ነው።

አጎቴ ሱለይማን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በ1984 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1991፣ ሃክኒ ውስጥ ጠፋ። እናቴ ያኔ ደሴ ነበረች። ሞተ ያለ የለም። አለ ያለም የለም።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አላለቀሰችለትም። ሼኹ «አስከሬኑ ባይኖርም የጀናዛ ሰላት ይሰገድበታል» ብለው ስንቴ ነገሯት። እሷ ግን «ወንድሜን በቁሙ አልቀብርም» ትላለች። ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን መሰላችሁ።

የዚያ ቅዳሜ ማግስት አልፎ ሰኞ የልብ ኦፕሬሽን ነበራት። ሐኪሙ «እንዳትደነግጥ» ብሎ አስጠንቅቆናል። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን እጄን ያዘችኝ።

«ኢኽላስ... ሰኞ ከመግባቴ በፊት ልወቅ። ካለ አለ። ከሞተ ልስገድበት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጋሽ ፍስሃጽዮን ወደ ታሪክ ቡድናችን ቢሮ የመጡት በማግስቱ ነው፤ ተደውሎልኝ ሄድኩ። በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታ ላይ። አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት ይዘው መጡ። ያኔ ከሜር ስትሪት ገባ ብሎ ባለ አንድ ቤት ውስጥ ሰባት ስደተኞች ሆነው ይኖሩ ነበር።

አንዱ ካሴት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለእህቴ ለሰቢሃ» ይላል። ከሥሩ «ከሱለይማን»።

ካሴቱን አንስቼ አሳየኋቸው።

«ጋሽ ፍስሃጽዮን... አጎቴን ያውቁታል?»

«አብረን ነበርን ልጄ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ቀን ቴፑን አንጠልጥሎ ወጣ። ለእህቴ ሰፈሩን ላሳያት ነው አለ። አልተመለሰም።»

«ታዲያ ካሴቱስ?»

«አልጋው ላይ አገኘነው። ርጥብ ነበር።»

«ማን አመጣው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። በሩ እንደተቆለፈ ነው።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ለፖሊስ አላመለከትንም። ወረቀት አልነበረንም... ፈራን። ይሄው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።»

ዓርብ ካሴቱን ዲጂታይዝ አድርጌ ስልኬ ላይ ጫንኩት። አንዴ ሰማሁት። አስራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ሱለይማን ከቤት ወጥቶ፣ እየተራመደ ያየውን ሁሉ ለእናቴ ይነግራታል። ሰፈሩን አቋርጦ የሚያልፈው የውሃ ቦይ፣ ካናሉ ጋ ሲደርስ ያበቃል።

ለእናቴ አላሰማኋትም። በባዶ ተስፋ ልቧን ማወክ አልፈለግኩም። መጀመሪያ መንገዱን ራሴ ልየው፣ ምናልባት የሚያስታውሰው ሰው አገኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ቅዳሜ እሱ በወጣበት ሰዓት፣ ድሮ ይኖርበት ከነበረው ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ ከፈትኩት።

«ሰቢሃ... እንደምን አለሽ እህቴ። እዚህ ስምንት ሰዓት ከአስር ነው፤ እናንተ ጋ አስራ አንድ አልፏል። በይ ነይ፣ ሰፈሬን ላሳይሽ።»

ድምፁ ደስ ይላል። ቀልደኛ ሰው ነበር።

«ጥጉ ላይ ጫማ ሠሪ አለ። ቱርክ ነው። ሲስቅ አንድ ጥርስ የለውም፣ ግን መሳቁን አይተውም።»

ጥጉ ላይ አሁን ዳቦ ቤት ነው። ጺማቸውን ያሳደጉ ወጣቶች ለአንድ ዳቦ ተሰልፈዋል። ሳቄ መጣ። ፎቶ አነሳሁ።

መብራቱ ጋ ስደርስ ለእግረኛ ቀይ ነው። ቆምኩ። እሱም ዝም አለ።

አረንጓዴ ሆነ።

«በይ እንሻገር።»

አጋጣሚ ነው አልኩ።

ትንሽ ሄድን። ሄድኩ ማለቴ ነው...

ከኋላው የአውቶቡስ በር ሲከፈት ይሰማል። ቀጥሎ የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። የአውቶቡሱን ቁጥርና መድረሻውን የምትናገረው፣ የተቀዳችው ሴት። የለንደን ሰው ሁሉ ያውቃታል።

ማዳመጫዬን ነቀልኩ። መንገዱ ላይ አውቶቡስ የለም።

መልሼ ሰካሁት። ድምፁ ካሴቱ ውስጥ ነው።

በፈረንጅ 1991 ግን ያቺ ሴት አልነበረችም። ያኔ የለንደን አውቶቡስ አይናገርም ነበር። ዓርብ ስሰማው ይህ ነበረ? እንጃ... አላስታውስም።

መመለስ ነበረብኝ። አውቃለሁ፣ እናንተም አሁን «ምን ሆነሽ ነው የማትመለሺው» እያላችሁ ነው። እኔም የሌላውን ሳነብ እንደዚያ ነው የምለው። ግን ሰኞ እየመጣ ነው። እናቴ መልስ ሳታገኝ እዚያ ክፍል እንድትገባ አልፈለግኩም።

«ቀስ በይ» አለ። «የጫማሽ ክር ተፈቷል።»

ወደ ታች አየሁ።

የግራ ጫማዬ ክር ተፈቷል።

አጎንብሼ አሰርኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ትንፋሹ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል።

«አጎቴ?» አልኩ በሹክሹክታ።

እርምጃው ብቻ ቀጠለ። ተከተልኩት።

ወደ ካናሉ የሚወርዱት ደረጃዎች ጋ ደረስኩ። ዓርብ ያበቃው እዚህ ነበር። «በይ ሰቢሃ፣ ካሴቱ ሊያልቅብኝ ነው» ብሎ ነበር ያበቃው። ስልኬን አየሁ። አስራ ዘጠኝ ደቂቃው አልፏል። ቁጥሩ ግን መሄዱን አላቆመም።

«አንቺ እዚሁ ቁሚ» አለ። «ከዚህ ወዲያ ያንሸራትታል።»

ቆምኩ።

ሲወርድ ሰማሁት። አንድ ደረጃ... ሁለት... ሦስት... ከዚያ እግሩ ሲስት፣ ከዚያ ውሃ። ጩኸት የለም። ውሃው ትንሽ ተንቦጫረቀ... ከዚያ እሱም ጸጥ አለ።

ፊት ለፊቴ ያለው ካናል ንቅንቅ አላለም። ዳክዬዎቹ እንኳ ዞር ብለው አላዩም።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የፈለግነው መልስ ይሄው ነበር። አንሸራትቶት ነው። በቃ። ማንም አልገደለው፣ የትም አልሸሸ፣ እህቱን አልረሳም። ይህን ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ማሰብ ጀመርኩ...

ጆሮዬ ውስጥ እርምጃ ተሰማኝ።

ውሃ የሞላው ጫማ ነው። ቸፍ... ቸፍ... ቸፍ...

ደረጃ ይወጣል። ረጅም ደረጃ። ከዚያ ቆመ። በር ተንኳኳ።

«ማነው?»

የእናቴ ድምፅ ነው። የወጣትነቷ አይደለም። የአሁኑ፣ ሳል የሚያቋርጠው።

«እኔ ነኝ።»

«...ሱሌ?»

የበር ሰንሰለት ተሳበ። ያንን ሰንሰለት ዌምብሊ ቤታችን በር ላይ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ዓመት።

ድምፁ እዚያ ላይ አበቃ።

ደወልኩላት። አታነሳም። ባቡር ውስጥ ሆኜ ደወልኩ፣ አታነሳም። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አስር ሰዓት ሆኖ ቀኑ መጨላለም ጀምሯል። ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። በየደረጃው ላይ ውሃ ተንጠባጥቧል።

በራችን ገርበብ ብሏል። ሰንሰለቱ ተንጠልጥሏል።

እናቴ ሳሎን መስገጃዋ ላይ ቆማለች። ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። በሕይወት አለች። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

እስክትጨርስ ጠበቅኳት። አላጎነበሰችም። ግንባሯን መሬት አላስነካችም። እንደቆመች «አላሁ አክበር» አለች፣ ወደ ቀኝ ዞራ አሰላመተች።

ቆሞ ብቻ የሚሰገድ ሰላት አንድ ነው። በሬሳ ላይ የሚሰገደው።

«መጣሽ?» አለች። «ዘገየሽ።»

«እማ... በማን ላይ ነው የሰገድሽው?»

«በወንድሜ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ነዋ። መጣ። ‹ደከመኝ ሰቢሃ፣ ማንም አልሰገደብኝም› አለኝ። እዚህ ጋደም አለ።»

ከመስገጃዋ ፊት ለፊት ያለውን ምንጣፍ አየሁ። ርጥብ ነው። የሰው ቁመት ያህል። በቀኝ ጎኑ፣ ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርጎ የተኛ ሰው ቅርፅ። ክፍሉ የካናል ጭቃ ይሸታል።

ከዚያ በቀር ምንም የለም። ማንም የለም።

የእናቴ ፊት ግን... ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ቀልሎ አይቼው አላውቅም። ፈርቼ ልሞት ነው፣ ደግሞም ደስ ብሎኛል። ሁለቱም እውነት ነው።

ጎንበስ አለች። ሁለት እጇን ከርጥቡ ቅርፅ ራስጌ ሥር አስገባች።

«በይ፣ እግሩን ያዢልኝ።»

«እማ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ማንም የለም እኮ።»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ዝም በይ... እሱ ይሰማሻል።»

ሐኪሙ እንዳትደነግጥ ብሏል። ልከራከራት አልቻልኩም። ደስ ይበላት ብዬ ወደ ግርጌው ሄድኩና ተንበረከክኩ። ባዶው ምንጣፍ ላይ እጆቼን ዘረጋሁ።

«ቢስሚላህ በይ። ልናነሳው ነው።»

«ቢስሚላህ።»

መጀመሪያ እጄ ረጠበ።

ከዚያ... ከበደኝ።