የመሐላው ጽዋ

ጽዋው አለቀሰ! ውሸት ነው የሚል ካለ የዘልማን ሕዝብ ይጠይቅ። በጎርዳን መንግሥት የምርኮ አዳራሽ፣ ጎብኚ ሁሉ እያየ፣ ባለ ሁለት እጀታው የሸክላ ጽዋ ላይ የተሣሉት ጥቋቁር ዓይኖች እንባ አፈሰሱ። ወሬው በረሃውን አቋርጦ ዘልማ ሲደርስ ሠዓሊዋ ሚርጻ ብሩሿን አስቀመጠችና ቀኝ እጇን ትክ ብላ አየችው።

ዓይኖቹን የሣለቻቸው እሷ ናት። ከሰባት ዓመት በፊት ድል የተነሣው የዘልማ ንጉሥ በዚያ ጽዋ ጠጥቶ፣ «ሕዝቤ በጎርዳን ላይ ሰይፍ አያነሣም» ብሎ ማለ። የዘልማ መሐላ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ የተጠጣበት ጽዋ እስኪሰበር ድረስ የጸና ነው። ከዚያ ወዲህ የጎርዳን ጭፍራ ልጆችን ለባርነት ሲነዳ አባቶች ሰይፍ ሊመዙ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ጣታቸው አልታዘዝ ይላል። ጽዋውን መዶሻም እሳትም አይሰብረውም። የሚሰብረው የሣለው እጅ ብቻ ነው፤ የሰበረው እጅም እዚያው ይደርቃል። ለሚርጻ እጇ እንጀራዋ ብቻ ሳይሆን ነፍሷም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ፈራች፤ ምን ይደበቃል?

«ልጄ፣ ማንም አያስገድድሽም» አሏት ሽማግሌው የጦር አለቃ ድርማን።

«የሣልኳቸው ዓይኖች እያለቀሱ እኔ ቁጭ ብዬ ልሣል? አይሆንም አባባ፤ ይነሡ እንሂድ!»

በረሃውን በአሥራ ሁለት ቀን ተሻገሩ። በአዳራሹ በር ላይ ዛርቦ የተባለው ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ ተጋድሟል። ጎርዳኖች የፈሩት ሌባን እንጂ ሰባሪን አልነበረም፤ ስለዚህ ዛርቦ የሚገባውን ሰው አያሸትም፤ የሚነቃው ምርኮ ከቦታው ሲነሣ ብቻ ነው። ሁለቱም እንደ ማንኛውም ጎብኚ ሰተት ብለው ገቡ።

የጎርዳን ንጉሥ ቀርዳን ምርኮውን ለእንግዶቹ እያስጎበኘ ነበር። ሚርጻ ጽዋውን ከመደቡ ስታነሣው ዛርቦ አገሣና ወደ ውስጥ ተንደረደረ። ድርማን ፈጥነው በሩን ዘጉና በጀርባቸው ደገፉት።

«እጄ ቢምል ጀርባዬ አልማለም!» ብለው ፎከሩ።

ቀርዳን ነገሩ ገባው። «ሠዓሊዋ አንቺ ነሽ? እጅሽን አትግደዪው። ከእኔ ዘንድ ኑሪ፤ የቤተ መንግሥቴ ግድግዳ ሁሉ ያንቺ ነው፤ እንዳሻሽ ሣዪበት።»

ሚርጻ የአዳራሹን ባዶ ግድግዳ በዓይኗ ቃኘች። ባዶ ግድግዳ ባየች ቁጥር ጣቷን የሚበላት ሴት ነበረችና! ከዚያ ግን ቀና አለች።

«ግድግዳህን ራስህ ሣለው! ይህን ጽዋ ለሠርግ ብዬ ነበር የሣልኩት፤ እናንተ ማሠሪያ አደረጋችሁት። እጄ የእኔ ነው፤ የምሰጠውም ለወደድኩት ነው!»

ጽዋውን ከወለሉ ላይ ፈጠፈጠችው። እጇ ከጣቷ እስከ ክርኗ ከሰል መሰለ፤ ሕመሙ አስጮኻት። በዚያው ቅጽበት የድርማን ጣቶች ተፍታቱ። ከንጉሡ ዘበኞች የአንዱን ሰይፍ ነጥቀው በሩን ራሳቸው ከፈቱና የዛርቦን ሦስት አንገት ቀልተው ሚርጻን ይዘው ወጡ። በዚያው ሰዓት በዘልማ ሜዳ ሁሉ ሰይፍ ከሰገባው ወጣ፤ ክረምቱ ሳይገባ ልጆቹ ተመለሱ።

ሚርጻ አገሯ ስትገባ የዘልማ ንጉሥ የደረቀ እጇን ሊስም ጎንበስ አለ። እጇን ሸሸገችው።

«ይቅርብዎ ጃንሆይ። ያኔ የማሉት በሁላችን ስም ነው፤ ግን አንዳችንንም አልጠየቁም። ከእንግዲህ በሕዝብ ስም የሚምል አስቀድሞ ሕዝቡን ይጠይቅ!»

 ያን ዕለት በዘልማ ለንጉሥ የሰገደ ሰው አልነበረም።